የመካነ ኢየሱስ ጐዳና፤ በቅሎ፥ ባጃጅና የጭነት መኪና

መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጐንደር የእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟም በዚያው ከተተከለው ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ደመና ተከናንቦ ይታያል፤ በደቡብ በኩል ደግሞ አገሩ እያዘቀዘቀ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል። ደጋውና ቈላው እንደዚህ ተቀራርበው ስለሚገኙ ከላይ ገብስና ድንች፥ ከታች ጤፍና ማሽላ ወደ አንድ ገበያ ይመጣሉ። ይህን ሁሉ እህል ማን ይሸከመዋል? ሰውስ በምን ይጓጓዛል? ኹለቱ በአንድ ጠባብ ጐዳና ላይ በተገናኙ ጊዜስ ማን ለማን ይለቃል? ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ነገር ይህ ነው።

እኛ ወደዚህች ከተማ የተጓዝነው በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነበር። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጐንደር መንገድ ሐሙሲት ከደረሱ በኋላ ወደ ቀኝ ታጥፎ በአንበሳሜ በኩል ወደ እስቴ ይዘለቃል። ሐሙሲት የተባለችው የሐሙስ ገበያ ስለ ቆመባት ነው። በዚያው አገር ዓርብ ገበያ የምትባል ከተማም አለች። ከነዚህ ስሞች እንደምንረዳው፥ በዚህ አገር ብዙ ከተማ የተወለደው ከአህያ ጭነት ነው። ነጋዴው ሐሙስ አራግፎ የሸጠውን ሸጦ፥ የተረፈውን ጭኖ ለዓርቡ ገበያ ይገሠግሥ ነበር፤ እርሱ በሚያድርበት ስፍራ ጠላ የምትጠምቅ ሴት፥ ኰርቻ የሚጠግን ባለ እጅ፥ ለከብቱ ድርቆሽ የሚሸጥ ገበሬ እየሰፈሩ ቦታው ከተማ ሆነ። ስለዚህ ጭነት የከተማ እንግዳ አይደለም፤ ባለቤቱ ነው ብንል ስሕተት አይሆንብንም።

በቀድሞው ዘመን ሰው የሚቀመጥበትና እቃ የሚጫንበት ከብት ለየብቻው ነበር። ሹሙና ወይዘሮዋ በግላስ ባጌጠ ሰጋር በቅሎ ይቀመጣሉ፤ ሲራራ ነጋዴው እቃውን በአህያና በአጋሰስ ይጭናል። ባለ በቅሎው በመጣ ጊዜ አሽከሩ ፊት ፊት እየሮጠ አህዮቹን ከመንገድ ያስወጣ ነበር፤ በዚህ መካከል ጭነቱ ዘሞ ወይም ወድቆ የተበላሸ እንደ ሆነ ጕዳቱ የባለ አህያው ነው። ከሁሉ በታች የነበረው ግን የሴት ጀርባ ነበር። እንስራውን፥ ጭራሮውን፥ ወደ ወፍጮ የሚሔደውን እህል የሚጭንላት ከብት የሌላት ሴት ራሷ አጋሰስ ነበረች። ይህን ያነሣነው የቀድሞውን ለማስታወስ ብቻ ብለን አይደለም፤ ከከተማው ጥቂት ወጣ ሲሉ ዛሬም የሚታይ ነገር ስለ ሆነ ነው።

በዚህ አገር ከባድ ጭነት በመንኰራኵር ለማሳለፍ መንገድ ያስጠረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በጋፋት የተሠራውን፥ ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው በጋይንት በኩል አሳልፈው በመጋቢት ወር መቅደላ አደረሱት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋራ ይውሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በመልካም በቅሎ የተቀመጠ መልእክተኛ በጥቂት ቀን የሚዘልቀውን አገር መድፉ ያለፈው በስድስት ወር ያህል ነው። መንገድ ሰው የሚረግጠው ሲሆን ቀላል፥ ጭነት የሚያልፍበት ሲሆን ከባድ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አናውቅም። በደርግ ዘመን በቻይናውያን ርዳታ የተሠራው፥ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወልዲያ የሚደርሰው የመኪና መንገድም እንደዚያው ጋይንትን አቋርጦ ያልፋል።

በደቡብ በኩል ደግሞ በዐባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ የጐንደርን አገር ከጐጃም፥ ከሞጣ ጋራ ያገናኝ ነበር። በኢጣልያ ወረራ ዘመን መካከሉ ከተሰበረ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ መንገደኛው በወገቡ ገመድ እየታሰረ፥ ወዲያና ወዲህ በቆሙ ጐበዞች እየተሳበ ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ማኅበር ክፍተቱን በብረት ቢደፍነው፥ በ1997 ዓ.ም. የዐባይ ሙላት ጠርጎ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራለት። ሰው በገመድ ሊሳብ ይችላል፤ የተጫነ አህያ ግን አይሳብም። ስለዚህ በነዚያ ዓመታት በኹለቱ ዳር ያሉት ገበያዎች በዐይን እየተያዩ በጭነት ተለያይተው ኖሩ።

አሁን ወደ ከተማዪቱ ጐዳና እንመለስ። በገበያ ቀን ማለዳ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚገባው መንገድ ሁሉ በአህያ ይሞላል። ገበሬው ኩታውን ተከናንቦ፥ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ከኋላ ይነዳል፤ ሴቶቹ ዶሮውን በእጃቸው፥ እንቍላሉን በሰፌድ ይዘው በጥግ በጥግ ይሔዳሉ። ፀሓይ ሞቅ ስትል ከባሕር ዳርና ከደብረ ታቦር በኩል ዱቄት፥ ጨው፥ ዘይት፥ ሲሚንቶ፥ ቢራም የጫኑ አይሱዙ መኪናዎች ይደርሳሉ። ከነዚህ ሁሉ መካከል ባጃጆች እንደ ንብ እየጮሁ ይገባሉ፥ ይወጣሉ።

ባጃጅ የተባለችው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ስሟን ያገኘችው ከሚሠራት የሕንድ ኩባንያ ነው። ርዝመቷ 2 ሜትር ተኩል ያህል፥ ስፋቷ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ የተፈቀደላትም ከነጂው በቀር ሦስት ሰው መጫን ነው። ጠባብ ስለ ሆነች በምንም ትገባለች፤ የምትዞርበትም ስፍራ ጥቂት ይበቃታል። ነገር ግን ሒሳቡን ልብ ብለን እንመልከት። አሥር ባጃጆች ተከታትለው በቆሙ ጊዜ 30 ሜትር ያህል ጐዳና ይይዛሉ፤ የሚያወርዱትም ሠላሳ ሰው ነው። ያንኑ ሠላሳ ሰው አንድ መለስተኛ አውቶቡስ ከዚህ ሢሶ በማይሞላ ስፍራ ላይ ያራግፈዋል። ስለዚህ አንዲት ባጃጅ ብቻዋን ስትታይ መንገድ የምታቃልል ትመስላለች፤ ብዙዎች በአንድ አፍ ላይ በተሰበሰቡ ጊዜ ግን መንገድ የሚዘጉት እነሱው ናቸው።

በዚያ ቀን ያየነውም እንደዚሁ ነው። አንድ ዱቄት የጫነ መኪና በሱቅ ደጅ፥ በጐዳናው መካከል ቆሞ ያራግፍ ነበር። ለምን ከዚህ ቆመህ ብለን ሾፌሩን ብንጠይቀው፥ «ጌታዬ፥ ራቅ ብዬ ብቆም ጫኝና አውራጆቹ በጆንያ ላይ ዋጋ ይጨምሩብኛል፤ ዋጋውንም ዞሮ የሚከፍለው ዱቄቱን የሚገዛው ነው» ሲል መለሰልን። ከኋላው የተሰለፉት የባጃጅ ነጂዎች ይጮኻሉ፤ ከነሱም አንዳንዶቹ በግራ ዞረው ለማለፍ ሲሞክሩ ከወዲያ በኩል ከሚመጡት ጋራ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። አሁን መኪናው አራግፎ ቢጨርስም እንኳ መውጫ አጣ። በዚህ ሁሉ መካከል ያለ ችግር የሚያልፉት አህዮቹ ብቻ ነበሩ፤ እነሱ መሪ ሳይኖራቸው ክፍተት ማየት ያውቃሉ።

ሾፌሩ ባጃጆቹን ይረግማል፤ የባጃጅ ነጂዎች ሾፌሩን ይረግማሉ፤ ባለ ሱቁ ኹለቱንም ይረግማል። እኛ ግን ቆመን ስንመለከት አንድ ነገር አስተዋልን። ገበያውን ጨርሰው ከሚመለሱት ውስጥ አንዲት አሮጊት ግማሽ ኩንታል የሚሆን እህል በጆንያ አስይዘው ወደ አንዲት ባጃጅ ቀረቡ።

«ልጄ፥ እስከ ወፍጮው ታደርሰኛለህ?» አሉት።

«አዎን፥ እናቴ። ጆንያው ከእግርዎ ሥር ይሁን፤ እርስዎ ወደ ውስጥ ጠጋ ይበሉ» ብሎ ጆንያውን እርሱ ራሱ አነሣላቸው።

ከጐናቸው አንድ ተማሪ ከነደብተሩ ተቀምጧል፤ በሌላው በኩል አንድ ገበሬ የገዛውን በግ በጕልበቱ አቅፎ ይዟል፤ በጉም አንገቱን በጐን አውጥቶ ለጕብኝት እንደ መጣ ሹም ግራና ቀኝ ይመለከት ነበር። እንግዲህ ይህች ባጃጅ የሰው ማመላለሻ ናት ወይስ የጭነት? በመዝገብ ላይ የሰው ተብላ ተጽፋለች፤ በጐዳናው ላይ ግን ሰውንና ጭነቱን ሳትለይ ታደርሳለች። በከተማችን የሚታየው አዲስ ነገር ይኸው ነው። በበቅሎው ዘመን የተለያየው ሰውና ጭነት በአንዲት ባለ ሦስት እግር ላይ ተገናኝቷል።

የቤተ ሰብ እናቶች ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። እህል ወደ ወፍጮ የማድረሱ ሥራ በአገራችን የሴት ሥራ ሆኖ ስለ ኖረ፥ ባጃጅ ከሴት ጀርባ ላይ ያነሣችው ሸክም በየትኛውም መዝገብ አልተቈጠረም። ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ አምቡላንስ በዘገየ ጊዜ የሚጠራውም የጐረቤት ባጃጅ ነጂ ነው። ቀድሞ አራት ጐበዝ በቃሬዛ የሚሸከማትን አንድ ልጅ በሩብ ሰዓት ያደርሳታል። ይሁን እንጂ ይህን በጎነት ስናመሰግን ጕድለቱን አንሸሽግም። ለሦስት ሰው ተብሎ የተሠራ ፍሬን አምስት ሰውና አንድ ጆንያ ይዞ ቍልቍለት ሲወርድ እንደሚገባው አይዝም። የጐኗም ክፍትነት ሕፃን ለያዘች እናት የሚያሰጋ ነው፤ እናቶችም ልጃቸውን ከመካከል እንጂ ከዳር እንዳያስቀምጡ እንመክራለን።

ከከተማው ዳር፥ ኰረኰንቹ ከሚብስበት ስፍራ ደርሳ ባጃጅ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ ላለው አገር ጆንያው እንደገና ወደ አህያ ጀርባ ይዛወራል። ስለዚህ የአንድ ጆንያ ጕዞ በሦስት እጅ ያልፋል፤ በመኪና፥ በባጃጅ፥ በአህያ። ከነዚህ አንዱን ከመንገድ ያስወጣ ደንብ ሦስቱንም ይነካል። ወደዚህ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ ከዚያ ጕዞ ከተመለስን ከጥቂት ሳምንት በኋላ፥ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ቢሲክሌቶች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ፥ የጭነት መኪናዎችም በቀን እንዳይዘዋወሩ አዘዘ። ለሞተሮቹ ምክንያት ሆኖ የተነገረው በሞተር እየተፈናጠጡ የሚዘርፉ ሰዎች መብዛታቸው ነው፤ ለጭነት መኪናዎቹ ደግሞ የመንገዱ መጨናነቅ። ዘራፊን መከልከል የመንግሥት ግዴታ ስለ ሆነ በዚህ የሚከራከር አይኖርም። ነገር ግን በዚያው ሞተር መድኀኒት፥ ደብዳቤና ምግብ የሚያደርሰው ወጣትም ከዘራፊው ጋራ በአንድ ቀን ከመንገድ ወጣ። በ2015 ዓ.ም. በየካቲት መጨረሻም በዚያው በአዲስ አበባ ባጃጆች ታግደው ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ተፈቀደላቸው፤ በነዚያ ቀናት አውቶቡስ ከማይገባበት ሠፈር የሚወጣው ሕዝብ በእግሩ ሔደ።

ጭነትን ወደ ሌሊት ማዞር አዲስ ጥበብ አይደለም። ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ ሮማ ከተማ ውስጥ ፀሓይ ከወጣች ጀምሮ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ጋሪ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። (ሮማውያን እንደ እኛ የቀኑን ሰዓት ከንጋት ጀምረው ይቈጥሩ ስለ ነበር 10 ሰዓት የሚለው ለአገራችን ሰው ትርጕም አያሻውም።) ለቤተ ጣዖትና ለመንግሥት ሕንጻ ድንጋይ የሚያመላልሱት ጋሪዎች ግን ተፈቅዶላቸዋል። ቀኑ ጸጥ ቢል ሌሊቱ ታወከ፤ ዩቬናል የተባለው የሮማ ባለቅኔ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በጋሪ ድምፅ እንቅልፍ ስለ ማጣት አማርሮ ጽፏል። በዘመናችን ደግሞ የናይጄሪያዋ ሌጎስ በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ሰው የሚያመላልሱ ሞተሮችንና ባለ ሦስት እግሮችን ከብዙ ሠፈር ስትከለክል፥ ጐካዳ የተባለው ኩባንያ ነጂዎቹን እቃ ወደ ማድረስ ሥራ አዞራቸው። ትናንት ሰው የጫነው ዛሬ እቃ ጫነ፤ ተሽከርካሪውም ነጂውም ያው ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣነው፥ የትልቁን ከተማ ደንብ ወደ ትንሹ ከተማ እንዳለ ለመቅዳት የሚያስብ ሹም ቢኖር ቆም ብሎ እንዲያስብ ነው። በመካነ ኢየሱስ ጭነት በሌሊት ይግባ ቢባል፥ መብራት በሌለበት ስፍራ ማን ያራግፋል? ባለ ሱቁስ ዱቄቱን እስኪነጋ በማን ጥበቃ ያሳድራል? ገበሬውስ ከጅብ ጋራ እየተጋፋ አህያውን በሌሊት ሊነዳ ነውን? ባጃጅ ጭነት አትያዝ ቢባልስ፥ ያች አሮጊት ከነጆንያቸው በእግራቸው ሊሔዱ ነው። እንዲህ ያለው ትእዛዝ መንገዱን ባዶ ሊያደርገው ይችላል፤ ባዶ መንገድ ግን ለገበያ ከተማ ጌጥ አይደለም።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የማራገፊያ ስፍራ ነው። ከገበያው አፍ ጥቂት ራቅ ብሎ፥ መኪና ገብቶ የሚዞርበት ሜዳ ተለይቶ ቢሰጥ፥ ከዚያ እስከ ሱቁ ያለውን ከኋላዋ የጭነት ሳጥን ያላት ባለ ሦስት እግር ወይም የአህያ ጋሪ ያደርሰዋል። የጫኝና አውራጁም ዋጋ በርቀት ተወስኖ አስቀድሞ ቢታወቅ፥ ሾፌሩ በጐዳናው መካከል ለመቆም ምክንያት አይኖረውም። ባጃጆቹም ከገበያው አፍ ላይ ተነሥተው ማቆሚያቸው ወደ ጐን ቢሆን፥ ሰው ሃምሳ ርምጃ ቢሔድ የሚጐዳ አይመስለንም፤ የታመመና ያረጀ ሲሆን ብቻ እስከ ደጁ ይገባሉ። ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፥ የአንድ ቀን ምክክር የሚበቃው ነገር ነው።

ስለ አህያው ግን ማንም አያስብም፤ ስለዚህ እኛ ጥቂት እንጨምር። ኢትዮጵያ በዓለም ከሁሉ የበለጠ አህያ ያለባት አገር ናት። ይህን ያህል ሠራተኛ ያላት አገር በከተሞቿ ለአህያ የውሃ ገንዳ፥ የማሰሪያ ጥላ፥ የማይንሸራተት መሔጃ ስትሠራ እምብዛም አይታይም። ጥርብ ድንጋይ ሲነጠፍ ለመኪናና ለእግረኛ ታስቦ ይነጠፋል፤ በክረምት በረጠበ ጊዜ ግን የተጫነ አህያ ይንሸራተትበታል፥ እግሩም ይሰበራል። በዳር በዳሩ ኹለት ክንድ ያህል ሸካራ አድርጎ መተው ምን ይከብዳል?

ይህ ምክር ከዚያ ወዲህ የበለጠ ምክንያት አግኝቷል። ከሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የተነሣ መንገዶች ደጋግመው ተዘግተዋል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ የጭነት መኪናው ከከተማው ውጭ ይቀራል። ቤንዚኑም የሚመጣው በመኪና ስለ ሆነ ባጃጅ በቤቷ ትቆማለች። ጨውና ዘይት ከሩቅ በኋላ ቀር መንገድ፥ እህሉም ከገጠር ወደ ወፍጮ የሚመጣው ያን ጊዜ በአህያ ነው፤ አህያ የሌላት ሴትም ማዘያዋን ታጠብቃለች።